መሄጃው 17፣ መመለሻው 13

ቨርጂኒያ የምትኖረው ልጇ የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ አክስቴ ልታርሳት ቲኬት ቆረጠች። አንድ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ አጣጥፋ ይዛ ቤቴ መጣች። «እስቲ አንተ ልጅ፣ ይቺን እያት» አለችኝ። «ስሄድ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ተነስቼ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል እደርሳለሁ ይላል። 10 ሰዓት ነው። ስመለስ ደግሞ ረፋድ 5 ሰዓት ተነስቼ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት እገባለሁ። 20 ሰዓት ሆነ። መንገዱ አንድ አይደለም እንዴ? ስመለስ በየት ሊያዞሩኝ ነው?»

በመደመርና በመቀነስ አክስቴን የሚረታት የለም፤ የዕቁብ ጸሐፊ ሆና ነው ያረጀችው። ቲኬቱንም በትክክል አንብባዋለች። እውነቱ ግን ግልባጩ ነው። ከቦሌ ተነስቶ የዋሽንግተን በር ወደሆነው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከደለስ ቦሌ ለመመለስ ደግሞ 13 ሰዓት ያህል። ቲኬቱ ላይ አጭር የሚመስለው ረጅሙ ነው፣ ረጅም የሚመስለው አጭሩ። ይህን ለማስረዳት አቦል ላይ ጀምሬ የጨረስኩት በረካ ላይ ነው፤ እዚህም ቶሎ የምጨርስ አይመስለኝም።

መጀመሪያ የሰዓቱን ነገር እናጥራው። ቲኬት ላይ የሚታተመው መነሻ የመነሻው አገር ሰዓት ነው፤ መድረሻውም የመድረሻው አገር። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን በክረምቷ በ5፣ ከመጋቢት ሁለተኛው እሑድ እስከ ኅዳር የመጀመሪያው እሑድ (በእነሱ ወር አቆጣጠር ነው) ደግሞ በ4 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ስለዚህ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንዴ 8፣ አንዴ 7 ነው። የአክስቴ ጉዞ በ7ቱ ወቅት ነበር። ስትሄድ 7 ሰዓት ከቲኬቱ ላይ ይደበቃል፤ 10 ላይ 7 ሲጨመር 17። ስትመለስ የተደበቀው 7 ተመልሶ ይወጣና ትርፍ ሆኖ ይታያል፤ ከ20 ላይ 7 ሲነሳ 13።

የአክስቴን 10 እና 20 ደምሩት፣ 30 ይመጣል። እውነተኞቹን 17 እና 13 ደምሩት፣ እሱም 30 ነው። የሰዓት ቀጠና ከአንዱ ጉዞ ወስዶ ለሌላው ያበድራል እንጂ ከድምሩ ላይ አንዲት ደቂቃ አይነካም። የየትኛውንም መስመር ርዝመት ያለ ካርታና ያለ ሰንጠረዥ ማወቅ የፈለገ ሰው የደርሶ መልሱን የቲኬት ሰዓት ደምሮ ለሁለት ያካፍል፤ የቀጠናው ልዩነት ራሱን በራሱ ያጠፋል። ለቦሌና ለደለስ 15 ሰዓት ይወጣል። አክስቴ ይህን ስሰላላት «ታዲያ ለምን በሁለቱም 15 አይሆንም?» አለች። ጥያቄው ማለት እሱ ነው።

ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ሐበሻ ሰዓት አንድ ነገር ልበል፤ ሁልጊዜ ስለሚገርመኝ። እኛ ቀንን ከንጋት ስለምንቆጥር የእጅ ሰዓታችን ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን የአክስቴ ሰዓት 6 ይላል። በዚያው ቅጽበት ዋሽንግተን፣ በበጋዋ፣ ገና ሊነጋ ሲል ነው፤ እዚያ የሚኖር ሰው ሰዓት 5 ይላል። ስለዚህ ከሐበሻ ሰዓት ጋር ደለስ የወረደ ሰው ዘንጉን ወደኋላ መመለስ ያለበት አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ በክረምታቸው ሁለት። ቀኑ ሌሊት፣ ሌሊቱ ቀን ሆኖ እያለ የሰዓቱ ፊት ግን ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል።

ይኸው አቆጣጠር ሰው ጉድ ሲሠራም አይቻለሁ። አንድ ጓደኛዬ ቲኬቱ ማክሰኞ 0፡30 ይላል። ወደ ሐበሻ ሲመልሰው «ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል» ብሎ ያዘው፤ በእኛ አነጋገር ደግሞ ማክሰኞ ሌሊት ማለት የማክሰኞ ቀን ከመሸ በኋላ ያለው ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን አስጭኖ ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነበር። ትክክለኛው ሌሊት እኛ «ሰኞ ለማክሰኞ» የምንለው ነበር። ፈረንጅ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ እኛ ልባችን የሚቀይረው ሲነጋ።

አሁን ወደ ርቀቱ። በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው አጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ በማስቀመጥ አይደለም። ሉል ያለው ሰው ክር ወስዶ አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዞ ቢወጥረው ክሩ ራሱ አጭሩን መንገድ ፈልጎ ያርፋል። ከምድር እምብርት ሆኖ ሁለቱን ለሚያይ ሰው በመካከላቸው 104 ዲግሪ ያህል አለ። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ አለው፤ አብራሪዎችና መርከበኞች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ መጀመሪያ የተሰፈረው በዚያች በአንዷ ደቂቃ ነው። 104ን በ60 ብታባዙ 6,240 የባሕር ማይል ይመጣችኋል። ርቀቱ በእርግጥም በዚያው ግድም ነው።

ክሩ የሚያልፍበት መንገድ ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው ውጭ ነው። ከቦሌ የሚነሳው በሰሜንና በምዕራብ መካከል፣ እኩሌታው ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሱዳንን ያቋርጣል፤ ግብፅ፣ ሱዳንና ሊቢያ የሚገናኙበትን በረሃ ይነካል፤ ሊቢያን ሰንጥቆ የቱኒዚያን ደቡባዊ ጫፍና አልጄሪያን ያልፋል፤ ከዚያ ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ውቅያኖሱ። አትላንቲክ መሀል ላይ 45ኛው የሰሜን ኬክሮስ ድረስ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ይታጠፍና ወደ ደቡብ ምዕራብ እያዘነበለ አሜሪካ ይገባል። ዋሽንግተን እኮ ከሊዝበን ጋር በአንድ ኬክሮስ ላይ ናት ቢባል ስህተቱ ትንሽ ነው፤ ያም ሆኖ ወደ እሷ የሚወስደው አጭሩ መንገድ ከእሷ በላይ ወጥቶ ይወርዳል።

ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ብናገናኝ ግን መስመሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታኒያ አድርጎ ከምዕራባዊ ሰሃራ ዳርቻ ባሕር ይገባል። ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ሲለካ 12,100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ማለትም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርፍ። ጥፋቱ የካርታው ነው። ብርቱካን ልጦ ልጣጩን ጠረጴዛ ላይ ለመዘርጋት የሞከረ ሰው የሆነ ቦታ መቅደድ ወይም መለጠጥ እንዳለበት ያውቃል።

ያ ክር የሚያሳየው መንገድ ግን የሂሳብ መንገድ ነው፤ በእሱ ላይ የሚበር አውሮፕላን የለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲጀመር የሱዳን ሰማይ ለመንገደኞች በረራ ተዘጋ፤ ሊቢያም አየር መንገዶች የሚሸሹት ሰማይ ከሆነ ቆይቷል። በዚህ ምክንያት ከቦሌ ወደ አውሮፓ፣ በአውሮፓም በኩል ወደ አሜሪካ የሚሄድ አውሮፕላን በምሥራቅ በኩል፣ በቀይ ባሕርና በግብፅ አቅጣጫ መዞር ግድ ሆነበት። ውቅያኖሱ ላይም ነፃነት የለም። ሰሜን አትላንቲክ ላይ ጎን ለጎን የሚዘረጉት የበረራ መንገዶች በየዕለቱ እንደ አዲስ ይሰመራሉ፤ ካናዳ ያለው የጋንደርና በአውሮፓ በኩል ያለው የሻንዊክ ተቆጣጣሪዎች የዕለቱን ነፋስ አይተው ነው የሚወስኑት። ቀን ላይ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ነፋሱን እንዲሸሹ፣ ሌሊት ወደ ምሥራቅ የሚመጡት እንዲሳፈሩት። ትናንት የሄደና ዛሬ የሚሄድ አውሮፕላን አንድ መንገድ ላይረግጡ ይችላሉ።

ነፋሱን ካነሳን እንያዘው። ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ሰማይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጎርፍ የነፋስ ወንዝ አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል። ጉልበቱ ሲበረታ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ዋሳቡሮ ኦኢሺ የተባለ ጃፓናዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ፊኛ እየለቀቀ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ደርሶበት ነበር። ግኝቱን ዓለም ሁሉ እንዲያነበው ብሎ በ1926 እ.ኤ.አ. በኤስፐራንቶ ቋንቋ አሳተመው፤ ያነበበው ሰው ግን እምብዛም አልነበረም። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ላይ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሲልኩ ራሳቸው ተጋጩበት።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አውሮፕላን በዙሪያው ካለው አየር አንጻር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል እንበል። ነፋስ ባይኖር 11,560 ኪሎ ሜትሩን በ12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይጨርሳል። በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ከኋላው ቢገፋው 12 ሰዓት ይበቃዋል፤ ያው ነፋስ ከፊት ቢመጣበት 13 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ነው። እዚህ ላይ የምትታይ ስውር ነገር አለች፤ ነፋሱ ሲገፋ የቆጠበው 48 ደቂቃ ሲሆን ሲመልስ የወሰደው 55 ነው። ነፋስ ደርሶ መልስ ላይ ሁልጊዜ አትራፊ ነው፤ ምክንያቱም በሚጎዳችሁ ጊዜ ጉዞው ስለሚዘገይ የሚጎዳችሁም ረዘም ላለ ጊዜ ነው።

ብዙ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ሌላ ምክንያት ያመጣል፤ «ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ነው» ይላል። ይህ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ግልባጩ በሆነ፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ሰው ዋሽንግተን ወደ እሱ እየመጣችለት በቶሎ ይደርስ ነበር። አየሩ ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል። አውቶቡስ ውስጥ ያለች ዝንብ አውቶቡሱ ሐዋሳ ሲገባ አብራ ትገባለች፤ ለመድረስ ክንፏን አላደከመችም። የምድር መዞር ድርሻው በተዘዋዋሪ ነው፤ ነፋሶቹን ወደ ጎን አጥፎ ያን የምዕራብ ነፋስ የሚፈጥረው ከፊል እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው የነፋሱ ነው።

እንግዲህ ከአራቱ ሰዓት ልዩነት ነፋሱ አንድ ተኩሉን ወሰደ። የቀረው የቦሌ ከፍታ ውጤት ነው፤ ለእኔም የነገሩ ሁሉ እምብርት ይህ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጧል። ደለስ 95 ሜትር ላይ። አዲስ አበባ ላይ ሽምብራ መቀቀል ድሬዳዋ ላይ ከመቀቀል እንደሚዘገይ የቤት እመቤት ሁሉ ታውቃለች፤ አየሩ ስለሚሳሳ ውኃው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ከቆላ የመጣ ሰው እንጦጦን ሲወጣ የሚያለከልከውም በዚሁ ነው። 20 ዲግሪ በሚሞቅ ቀን የቦሌ አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው መደበኛ አየር እፍጋት ሩቡን ያህል ያጣል።

አውሮፕላንን የሚያነሳው በክንፉ ላይና ሥር የሚያልፈው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፍጥነት መጨመር ያስፈልጋል። በባሕር ጠለል በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ላይ ከመሬት የሚለቅ አውሮፕላን፣ ያንኑ ጭነት ይዞ ቦሌ ላይ እስከ 325 መሮጥ ይኖርበታል። በሌላ በኩል ሞተሮቹም የሚተነፍሱት ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበታቸው ይቀንሳል። ብዙ መሮጥ የሚያስፈልገው፣ የመሮጫ አቅሙ ባነሰበት ቦታ ነው። ለዚህ ነው ቦሌ ላይ መንደርደሪያው 3,800 ሜትር የሆነው፤ ከደለስ ረጅሙ ይረዝማል፣ ግን አይበቃም። ጎማዎችም የፍጥነት ጣሪያ አላቸው። አብራሪው በመጨረሻው ቅጽበት መነሳቱን ትቶ ማቆም ቢያስፈልገው ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ያ የ45 ኪሎ ሜትር ጭማሪ በፍሬን ላይ አንድ ሦስተኛ ተጨማሪ ጫና ነው። ሕጉ ደግሞ አንድ ሞተር ቢጠፋ እንኳ በቀረው ብቻ መውጣት መቻል አለበት ይላል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ የእንጦጦ ሰንሰለት አለ።

ታዲያ መፍትሔው አንድ ነው፤ ቀለል ብሎ መነሳት። ከምን ላይ ይቀነስ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበውን ቦይንግ 787-8 እንውሰድ። ይህ አውሮፕላን ሲነሳ እስከ 228 ቶን ሊመዝን ይችላል፤ ሲበር በሰዓት 5 ቶን ያህል ነዳጅ ያቃጥላል። ከፊት ነፋስ ጋር 14 ሰዓት ለመብረር 70 ቶን፣ ከዚያ በላይ የመጠባበቂያ። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ብንለው አንድ ቶን ነዳጅ የአሥር ሰው ቦታ ነው። ከቦሌ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ያለ ማረፊያ ዋሽንግተን ለመድረስ የሚነሳ አውሮፕላን ወንበሩን ባዶ አድርጎ ሊሄድ ይገደዳል። አየር መንገድ ባዶ ወንበር ከሚያበር መሀል ላይ ወርዶ ነዳጅ ቢሞላ ይሻለዋል። ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ ማረፊያ የኖረው ለዚህ ነው። ሲመለስ ግን ከደለስ ወፍራም አየር ላይ ጢም ብሎ ሞልቶ ይነሳል፣ ነፋሱም ይገፋዋል፣ ያለ ማረፊያ ቦሌ ይገባል። ቦሌ ሲደርስ ነዳጁ ተቃጥሎ ቀልሏል፤ ለማረፍ ከፍታው ያን ያህል አይከብደውም።

ግራ የሚያጋባው፣ ያ ሲነሳ ጠላት የነበረው ስስ አየር 11 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርሱ ወዳጅ መሆኑ ነው። እዚያ የሚጋፋ አየር ስላነሰ በትንሽ ነዳጅ ብዙ ይኬዳል። ችግሩ የመሰላሉ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ነው።

ስለ ማረፊያዎቹ ካነሳን፣ ለዓመታት ያገለገለው ደብሊን ነው። አየርላንድን በካርታ ያየ ሰው «ይህ ሁሉ ወደ ሰሜን ለምን?» ይላል። ሲለካ ግን ከቦሌ ደብሊን 6,365፣ ከደብሊን ደለስ 5,465 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድምሩ 11,830። ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ማለትም በበረራ 20 ደቂቃ የማይሞላ። ወደ አሜሪካ በሚደረጉ በረራዎች ላይ ያገለገለው ሌላው ማረፊያ የቶጎዋ ሎሜ ናት። በሎሜ በኩል ደለስ ለመድረስ 12,750 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ወደ 1,200 የሚጠጋ ትርፍ። በጂኦሜትሪ ዓይን ሎሜ ጥሩ ምርጫ አይደለችም። ነገር ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድርሻ ያለው አስካይ የተባለው አየር መንገድ መናኸሪያው እዚያ ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካ ከተሞች የሚመጣ መንገደኛ ሎሜ ላይ ይሳፈራል። ደብሊን ርቀት ትቆጥባለች፣ ሎሜ ወንበር ትሞላለች። ተጓዥ መስመሩን ሲያይ «ለምን ያዞሩናል» የሚለው አንዱን ምክንያት ብቻ ስለሚያይ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ወጥመድ አለ። «ቀጥታ በረራ» ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን። ደብሊን ወርዶ ነዳጅ ሞልቶ በዚያው ቁጥር የሚቀጥል በረራ ሻጩ ዘንድ ቀጥታ ነው፤ ከወንበራችሁ አትነሱማ። ያለ ማረፊያ ግን አይደለም። መውረዱ፣ ነዳጁ፣ እንደገና መውጣቱ፣ መዞሩ ሲደመር ከሁለት ሰዓት በላይ ይበላል። ቲኬት የሚገዛ ሰው መጠየቅ ያለበት «ቀጥታ ነው?» ብሎ ሳይሆን «መሀል ላይ ያርፋል?» ብሎ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ሁለት ማረፊያ ጽፋችሁ የበረራ ሰዓት የሚነግሯችሁ ማስሊያዎችም የሚሳሳቱት እዚሁ ነው። ርቀቱን በአንድ ቋሚ ፍጥነት ያካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ያክላሉ፤ ለቦሌና ለደለስ ከ13 እስከ 15 ሰዓት ይሰጧችኋል፣ ለመሄጃውም ለመመለሻውም ያንኑ። ነፋስ አያውቁም፣ ከፍታ አያውቁም፣ የተዘጋ ሰማይ አያውቁም። አየር መንገዶች ግን ሰዓት የሚቆጥሩት ጎማው ሥር የተወሸቀው ታኮ ከተነሳበት፣ መድረሻው ላይ ተመልሶ እስኪወሸቅ ድረስ ነው። መሬት ላይ የሚንከባለልበትና ተራ የሚጠብቅበት ሁሉ ውስጡ አለ፤ እንደ ልምዱም ትንሽ መጠባበቂያ ይጨምሩበታል። «ነፋሱ አግዞን 20 ደቂቃ ቀድመን ደርሰናል» የሚለው የአብራሪ የምሥራች ከፊሉ የዚያ መጠባበቂያ ተመላሽ ነው።

ከሁለቱ ጫፎች ውጭ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ቦሌ ከተማው ውስጥ ነው። ደለስ ግን ከዋሽንግተን መሀል 42 ኪሎ ሜትር ርቆ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ በቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በጆን ፎስተር ደለስ ስም የተሰየመ ማረፊያ ነው። ስሙን ከቴክሳሷ ዳላስ ጋር የሚያምታታ ወገን አሁንም አለ፤ ቲኬት ስትቆርጡ ከተማዋን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የከተማው ባቡር ማረፊያው ድረስ ይደርሳል። ሊቀበል የሚመጣ ዘመድም አውሮፕላኑ ባረፈበት ደቂቃ በር ላይ አይቁም፤ ፓስፖርትና ሻንጣ ጊዜያቸውን ይወስዳሉ።

አክስቴ ደርሳ፣ አርሳ፣ ክርስትናውን አስነስታ ተመለሰች። ቦሌ ስቀበላት «እቴቴ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?» አልኳት። «ስመለስ አንድ እንቅልፍ አልሞላም» አለችኝ። ቲኬቱ ግን ያኔም 20 ሰዓት ነው የሚለው።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ይህን ሂሳብ ሊነካው ይችላል። ቢሾፍቱ ከተማ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ አየሯም በዚያው ልክ በ4 በመቶ ግድም ይወፍራል። ትንሽ ይመስላል፤ ከ200 ቶን በላይ ለሚነሳ አውሮፕላን ግን ቶኖች ማለት ነው፣ ቶኖች ደግሞ ወይ ነዳጅ ወይ ሰው ናቸው። ማረፊያው ከቦሌ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሚሆን ከዚያ እስከ ደለስ ያለው ርቀት ከዛሬው በ30 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።